ያደረ ዳቦ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን የትናንቱን አነሣ። ጫን ጫን አድርጎ ድርቀቱን ካየ በኋላ «ይሄ እኮ አድሯል፤ ለውሻው ልስጠው?» አለኝ። እንዴት እንደጮህኩበት እኔም አላውቅም። ከእጁ ነጥቄ ደረቴ ላይ ስለጥፈው ግራ ገብቶት አየኝ። ባልና ሚስት የሚጣሉበት ነገር ሞልቷል፤ በደረቀ ዳቦ የተጣላ ግን እኔም ሰምቼ አላውቅም።

ወዲያው ሳቄ መጣ። እሱም ትዝ አለውና «ውይ፣ የጎጆውን ዳቦ ረስቼው ነው» ብሎ ሳቀ። እሱ ታሪኩን ያውቀዋል። እዚህ አምቦ ጎረቤቶቻችን ግን አያውቁም፤ ለሰው ለመንገርም ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ዳቦውን ቆርሼ፣ ሻዬን ይዤ ስቀመጥ፣ ለምን አልነግርም አልኩ። የሚያኮራኝ ታሪክ ነውና።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመምህርነት ስመደብ የደረሰኝ ቦታ ጎጆ ነበር፤ ከአምቦ በስተ ሰሜን፣ ደጋው ላይ ያለች ብርዳም ከተማ። ስሟ ለቀልድ የተመቸ ነው። ጎጆ መውጣት ማለት ትዳር መያዝ፣ የራስን ቤት ማቆም ስለሆነ፣ ዘመዶቻችን እናቴን ባገኟት ቁጥር «ልጅሽ ጎጆ ወጣች አሉ፤ ሳትጠሪን?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እናቴም አትሸነፍም፤ «ወጥታለች፤ ሙሽራው ብርዱ ነው» ትላቸዋለች።

እውነቷን ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ቅጥቅጡ አውቶቡስ አጥንት እስኪላቀቅ እያንገጫገጨ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ግራና ቀኙ ገብስ ነው፣ ከገብሱ ቀጥሎ ድንች፣ ከድንቹ ቀጥሎ በግ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ በጎቹም ከተማውም አብረው ይጠፋሉ። ክፍል የተከራየሁት አዴ ብርቄ ከሚባሉ ሴት ግቢ ነበር። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አድገው ተበትነው፣ እሳቸው ከድንቻቸውና ከወሬያቸው ጋር ቀርተዋል። እኔን ቲቸር ይሉኝ ነበር፤ ሌንሳ የሚለውን ስሜን አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የጀመረኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በፈተና ሰሞን ነው። እዚያ ግን ሰው በሰው ላይ ስለሚኖር ብዙም አልፈነጨም። ጎጆ ስገባ መፈንጫውን አገኘ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ክፍል፣ የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ ኖረኝ። በእናቴ ቤት «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን፣ አንድ ትሪ ከብበን፣ ታናሽ ወንድሜ ሥጋውን ቀድሞ እንዳይለቅመው በዓይናችን እየጠበቅን ነው ያደግነው። ጎጆ ግን የሚጠብቀኝ ትሪ አልነበረም።

ለዚያ ነገር በአማርኛ ስም አላውቅለትም። ሆዳምነት ይሉታል፤ አይደለም። ሆዳም ሰው ምግብ ይወዳል፤ እያጣጣመ፣ ጨምሩልኝ እያለ፣ ቅልጥሙን እየመጠጠ ነው የሚበላው። እኔ ጣዕሙ እንኳ አይሰማኝም ነበር። ትምህርት አልቆ፣ ከተማው ጭር ሲል፣ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር መቁነጥነጥ ይጀምራል። በሩን እቆልፋለሁ። ከዚያ ዳቦ ይሁን፣ የቀዘቀዘ ድንች ይሁን፣ ቆሎ ይሁን፣ እጄ እየተቻኮለ ወደ አፌ ይመላለሳል፤ እኔ ዳር ቆሜ የሌላ ሰው እጅ የማይ ይመስለኛል። የማቆመው ስጠግብ ሳይሆን ሆዴ ሲያመኝ ነው። ከቁርጠቱ ቀጥሎ ኀፍረቱ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

በጥር ወር እናቴ ጭኮ ላከችልኝ። ጭኮ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሠራ የእኛ አገር የክብር ምግብ ነው፤ መንገደኛ ስንቅ ቢያደርገው ሳምንታት ይቆያል። ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ቅቤውን በቅመም አንጥራ፣ «በብርዱ በማንኪያ እየቀመስሽ» ብላ በሹፌር እጅ ሰደደችው። ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃው ባዶ ነበር። ቅቤው ጣቶቼ መካከል ረግቶ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግሥቱ ደውላ እንዴት ነበር ስትለኝ፣ ለመምህራኑ አካፈልኳቸው፣ እጅግ አመሰገኑሽ አልኳት። ደስ አላትና ሌላ እንደምትልክ ቃል ገባች። ያን ጭኮ የፈራሁትን ያህል ጅብ እንኳ ፈርቼ አላውቅም።

መድኃኒቱ ግልጽ መሰለኝ፦ መብላት የበዛበት ሰው ይጹማ! እኛ ቤተሰቡ ሁሉ ወንጌላውያን ነን። የእኛ ጾም ይህ ይበላል፣ ያ አይበላም የሚባልበት አይደለም፤ ከናካቴው ከምግብ መለየት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ በራሴ ላይ ጾም አውጃለሁ። ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም። መምህራን ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው «እንብላ» ሲሉኝ፣ «ብሉ፣ ጾም ላይ ነኝ» እላለሁ። እንዲህ አንድ ቀን፣ ሲበረታ ሁለት ቀን እቆይና፣ የጾሜ ማብቂያ ሲደርስ የምፈታው በጉርሻ ሳይሆን በጎተራ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ኀፍረት፣ እንደገና አዋጅ።

አስቂኙ ነገር፣ በቤተ ክርስቲያን ስሜ ገነነ። ይህች ልጅ የጾም ሰው ናት ተባለ። ሰውነቴ እየጨመረ ሲሄድ እንኳ የጠረጠረኝ አልነበረም፤ አንዲት እናት ጉንጬን ዳሰስ አድርገው ጾም እንደሚስማማኝ ነገሩኝ። በመጨረሻም የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኦቦ፣ ማለትም አቶ፣ ገመቹ ጠሩኝና፣ ከትንሣኤ በኋላ ለሚደረገው የወጣት ሴቶች ጾም ጸሎት መሪ ሆኜ እንደተመረጥኩ አበሠሩኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በአደባባይ የምትመሰገን ጾመኛና በሯን ቆልፋ የምታለቅስ ሴት በአንድ ቀሚስ ውስጥ አብረው መኖር እንደማይችሉ ገባኝ። ወይ ይህን ነገር አሸንፋለሁ፣ ወይ ሥራዬን ለቅቄ፣ ማንም ወደማያየኝ የእናቴ ጓዳ እገባለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ያዘነበለው ወደ ጓዳው ነበር። ከመልቀቄ በፊት ግን አንድ ሰው ብቻ ልሰናበት ብዬ ወደ እጃጂ ሄድኩ።

ጽዮን የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሥነ ልቦና የተማረች፣ ከአምቦ በስተ ምዕራብ እጃጂ ትምህርት ቤት በአማካሪነት የተቀጠረች። ከጎጆ ብርድ ወርጄ እጃጂ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር፤ አቧራው፣ የአህያው ጩኸት፣ የበርበሬው ሽታ አንድ ላይ ተቀበሉኝ። ሹራቤን አውልቄ ቤቷ ገባሁ። ሽሮ ሠርታ ትሪውን ስታቀርብ ጾም ላይ ነኝ አልኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። ዶርም ውስጥ ከእኔ በፊት ሰሃኑን የሚጠርግ እንዳልነበረ ታውቃለች። «ሌንሳ፣ ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ለአንድ ዓመት የቆለፍኩት ሁሉ ወጣ። ስለ እጄ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ጭኮው፣ ስለ ጾሙ ነገርኳት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተማሪዎቼን አጽፌያለሁ።

ጽዮን አላለቀሰችም፣ አልመከረችም። ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጭኮውን በጨረስሽ ዕለት ቁርስ ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«ምሳስ?»

«ምንም። ጾም ላይ ነበርኩ።»

«እንግዲያው መድኃኒትሽ ቁርስ ነው።»

ንድድ አለኝ። «ጽዮን፣ እኔን እኮ የገደለኝ መብላቴ ነው!»

«አይደለም» አለች እንጀራ እየቆረሰች። «አለመብላትሽ ነው የሚያስበላሽ።»

ከዚያ አስረዳችኝ። በሕክምና የሚታወቅ ሕመም መሆኑን፣ እንደኔ ያሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ፣ የኃጢአትም የሆዳምነትም ጉዳይ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ስትማር ፎቶ ኮፒ ያደረገችው፣ ሰው ራሱን እንዴት መርዳት እንደሚችል የሚያስተምር ጽሑፍ ነበራት፤ አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን አነበብነው። ራበኝም አልራበኝም ቁርስ፣ ምሳና እራት በሰዓቱ መብላት፤ በመሃልም ትንሽ ነገር መቅመስ። ያ ነገር በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ስሜት እንደሚመጣ አውቆ መጠበቅ። ሲመጣ ሌላ ሥራ መያዝ፣ ምክንያቱም ይነሣል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ያልፋል። ከተሸነፉ ራስን አለመቅጣት። የበሉትንም መጻፍ። ይህ ሁሉ ካልሆነልኝ አምቦ ሆስፒታል አብራኝ እንደምትሄድ ቃል ገባችልኝ። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ይባላል፣ ግን ብቻሽን አትያዢው አለችኝ። ከዚያ ሽሮውን በላን። ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን ጣፈጠኝ።

ጎጆ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ኦቦ ገመቹ ዘንድ መሄድ ነው። ጾሙን መምራት እንደማልችል፣ ጾም እንደሚያሳምመኝ ነገርኳቸው። ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ አንድ ነገር ብቻ ግን ሳልሸሽግ ተናገርኩ። «ኦቦ፣ የእኔ ጾም ለእግዚአብሔር አልነበረም። ራሴን የምገርፍበት ነበር።» ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በኋላ እግዚአብሔር የታመመ ሰው ቁርሱን በመብላቱ እንደማይቆጣ ነግረው አጽናኑኝ፣ ቅር እንዳይለኝም ብለው ቀለል ያለ ሥራ ሰጡኝ፦ ጾሙ ሲፈታ የሚበላው ዳቦ፣ ቤቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ፣ እኔ ዘንድ ይደር። ደግ ሰው ናቸው። ሳያውቁት ለጅብ የሥጋ አደራ ሰጡ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እሺ» ነበር።

ቁርስ መብላት ይህን ያህል ድፍረት ይጠይቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። በየማለዳው የገብስ ቅንጬ እየቀቀልኩ፣ እያንዳንዱ ማንኪያ ወደ ጥፋት እንደሚወስደኝ እየፈራሁ እበላ ነበር። ጥፋቱ ግን አልመጣም። ይልቁንስ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው መቁነጥነጥ ዐቅሙ እየደከመ ሄደ። የበሉትን መጻፍ የሚለው ግን አልሆነልኝም። መምህር አይደለሁ፣ የራሴን ምሳ እንደ ተማሪ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመርኩ፤ ያ ደግሞ ሌላ ጅራፍ ሆነ። ተውኩት።

በምትኩ ያገኘሁት አንድ ቃል ነው። አንድ እሑድ ምሳ ስበላ በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ኖሮ፣ አዴ ብርቄ ሲያልፉ አፌ በልማዱ «እንብላ» አለ። እስቲ ይህን ቃል አስቡት። ልብላ አይደለም፣ ብሉ አይደለም፤ እንብላ ነው። ብቻዋን የተቀመጠች ሴት እንኳ ሰው በደጇ ሲያልፍ ብዙ ትሆናለች። በተቆለፈ በር ውስጥ በበላሁት ምግብ ሁሉ ላይ ግን ይህን ቃል ብዬው አላውቅም፤ የምለው ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም አልደፍርም። በዚያ ጊዜ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ በሩ ሳይከፈት አልበላም፤ እንብላ ልልበት የማልችለውን ምግብ አፌ አላስገባም።

ጨዋ ሰው እንብላ ሲባል «ብሉ፣ በልቻለሁ» ብሎ ያልፋል። አዴ ብርቄ ግን አላለፉም። «እንብላ ካልሽማ እንብላ እንጂ» ብለው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳም ሆነ እራት በሬ ሲከፈት እሳቸው ከየትም ይመጣሉ። ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፤ ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፣ አንዳንዴም አሬራ ይዘው። ቅሬታቸው በሩ ላይ ብቻ ነበር። «ቲቸር፣ ዝጊው እንጂ፤ ጉሙ አልጋሽ ላይ ሊተኛ ነው» ይሉኛል። እኔም ጋቢዬን ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ አየር ደስ ይለኛል እላለሁ። ያ ክፉ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ቆሎ በተከፈተ በር ቀምሼ፣ ወደ ጓሯቸው ሄጄ ለዘር የሚሆነውን ድንች እመርጥላቸዋለሁ። የመንደሩን ወሬ ሁሉ ያወቅሁት ያኔ ነው።

መንገዱ ሁሉ ሜዳ አልነበረም። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር በስልክ ተከራክሬ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ፤ ያው የድሮው ሆነ። በማግሥቱ ስነሣ የጾም አዋጁ ምላሴ ላይ ነበር። ሆዴ ተነፍቶ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ከዚያ ቅንጬውን ጣድኩ። ከድል በኋላ ቁርስ መብላት ማንም ይችላል፤ ከሽንፈት በኋላ መብላት ግን ወኔ ይጠይቃል። ያን ጠዋት በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ እያለቀስኩ በላሁ።

ትንሣኤ አለፈ፣ የበልጉ ዝናብ ጎጆን አጨቀያት፣ የሴቶቹ ጾም ደረሰ። በመጨረሻው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቶች በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ተሸክመው እየተከታተሉ መጡ። አንዱን ለራሴ አደረጉልኝ፤ የቀረው ለነገው ማዕድ ነው። ጠረጴዛው ሞላ፣ አግዳሚው ሞላ፣ ክፍሌ በሙሉ ዳቦና ጥቁር አዝሙድ ሸተተ። ተማምነውብኝ ሄዱ። ጉሙ ወረደ። ያ የማውቀው ነገር ደረቴ ውስጥ ተነሣ፤ ለሳምንታት የተኛ አይመስልም ነበር። ነገ እነዚያ የራባቸው ሴቶች ፊት የተቦጫጨቀ ዳቦ ይዤ ስቆም ታየኝ፤ እንዲያ ከሆነ ማታውኑ ሻንጣዬን ይዤ እንደምጠፋ አውቅ ነበር። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር።

በሩን ከፈትኩት። የእራት ሰዓቴ ስለነበር ሽሮዬን አሞቅሁ፣ «አዴ ብርቄ፣ እንብላ!» ብዬ ተጣራሁ፣ መጡ። ከራሴ ድፎ አንድ ቁራሽ ለእሳቸው፣ አንድ ቁራሽ ለእኔ ቆረስኩ። ቀስ ብዬ አኘክሁት። ጥቁር አዝሙዱ ጥርሴ ሥር ሲሰበር፣ የኮባው ሽታ ሲመጣ፣ ዳቦ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው ያን ዕለት አወቅሁ ማለት ይቻላል። የቀረውን በነጠላ ሸፈንኩና ተከትያቸው ድንች ልመርጥ ወጣሁ። ያ ነገር ከኋላዬ ጠራኝ፣ ከፍ አለ፣ አንድ ጊዜማ ድንቹን ጥዬ ልነሣ ነበር። ከዚያ ጽዮን እንዳለችው ቀስ በቀስ ወረደ። ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ነጠላውን ነው። ገለጥኩት። ሁሉም አለ። የራሴም ድፎ አለ፤ ትናንት በቆረስኩበት ጎኑ ደረቅ ብሎ፣ የቀረው እንዳለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ዳቦ አድሮ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። አዴ ብርቄ በተከፈተው በር ብቅ ብለው «አከም ቡልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

«ዳቦው አደረ!» አልኳቸው።

እኔንም ዳቦውንም ተራ በተራ አዩ። «ታዲያ ዳቦ የት ይሄዳል ብለሽ ነበር?»

አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳቅሁ። የት እንደሚሄድ እኔ ነበርኩ የማውቀው። ዳቦዎቹን ሁለታችን ተሸክመን ወሰድን፣ ኦቦ ገመቹ ባረኩት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ቁርሴን በልቼ ነው የሄድኩት፤ ቢሆንም ከሴቶቹ ጋር ትንሽ ቁራሽ ይዤ «እንብላ» አልኳቸው። መልቀቂያውን አልጻፍኩም። በክረምቱ እናቴ እንደዛተችው ጭኮ ስትልክ ወስጄ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት፤ እንዲህ ሆኖ ለእናቴ የዋሸሁት እውነት ሆነ።

ዛሬ አምቦ ነኝ፤ ሁለተኛውንና እውነተኛውን ጎጆ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ያ ነገር ጭራሽ ሞተ አልልም። እናቴ ያረፈች ሰሞን ተመልሶ በሬን አንኳኩቶ ነበር። ያኔ ወደ ሐኪምም ሄድኩ፣ ለጽዮንም ደወልኩ፣ ባለቤቴም ታሪኩን የሰማው በዚያን ጊዜ ነው። ግን መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ የሚቀጥለውን ምግብ በሰዓቱ መብላት፣ በሩን መክፈት። ሰው ዳገት ወጥቶ፣ ጦርነት ተዋግቶ ድል አደረግሁ ሲል እሰማለሁ። የእኔ ድል የደረቀ ዳቦ ነው፤ በማንም ድል አልለውጠውም።

ቅዳሜ ዕለት ያን ያደረ ዳቦ ስስ ስስ አድርጌ ቆርጬ ምድጃው ላይ ጠበስኩት። ባለቤቴ ትኩሱን ትቶ ከእኔ ጋር ያደረውን በላ። በረንዳው በር እንደልማዴ ክፍት ነበር። ጎረቤታችን ሲያልፉ «እንብላ» አልኳቸው፤ «ብሉ፣ ብሉ» ብለው አለፉ። ጠገብኩ። ትንሽ ተረፈ። ሸፈንኩትና ወደ ገበያ ወጣሁ።